የዘበኛው ካቦርት

እኔ ከጀርመን ጦር ጋር ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖሬአለሁ። ቀልዴን አይደለም። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ስገባ የተቀበለችኝ ታላቅ እህቴ ገበያነሽ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ዱሉዝ ያለው ቤታቸው ሰፊ ቢሆንም ለእኔ የደረሰኝ ቤዝመንቱ ነበር። ሻንጣዬን ጎትቼ ወርጄ መብራቱን ሳበራ፣ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የወታደር ዕቃ ተደርድሮበታል። ሦስት የብረት ቆብ፣ ኮዳ፣ ጋሜላ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ ሰገባው የዛገ ሳንጃ፣ ታጣፊ አካፋ። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ረጅም ግራጫ ካቦርት፣ ራስ የሌለው የልብስ ሱቅ አሻንጉሊት ለብሶት ቆሟል። ሰው መስሎኝ «ማነህ?» ብዬዋለሁ፤ አንዴ ብቻም አይደለም።

«ገቢዬ፣ ያ ታች ያለው ምንድን ነው?» አልኳት በማግስቱ።

«የባሌ ሁለተኛ ሚስት ናት» አለችኝ ሽንኩርቷን እየላጠች። «እኔ አልደርስባት፣ እሷም አትደርስብኝ።»

ዛሬ ያ ግድግዳ ባዶ ነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እኔም ከዚያ ቤት ከወጣሁ ቆየሁ። ስለ እህቴ ባል ሳስብ ግን አሁንም መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ሳይሆን ካቦርቱ ነው። ምን ላድርግ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ስገልጥ የማየው እሱን ነበር።

ሰውየው ሙሉ ስሙ ዓለምብርሃን ሞላልኝ ነው፤ እኔ ጋሼ ዓለም እለዋለሁ። ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ከቁም ሳጥን በማትበልጥ የመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቲኬት ቆርጧል። ደንበኞቹን በመኪናቸው ድምፅ ይለያቸዋል። ሸሚዙን ራሱ ካልተኮሰው አይለብስም። እንግሊዝኛውን ሳይፈራና ሳያፍር ይናገራል፤ ሰዋስው የሚባል ነገር ግን በአጠገቡ አላለፈም። ግስ ሲጠፋው ያለ ግስ፣ ስም ሲጠፋው ያለ ስም ይቀጥላል፤ ሰውም እየሳቀ ይሰማዋል። እኔ ሦስት ዓመት ኮርስ ወስጄ አፌ ሲተሳሰር እሱ ከዳኛ ጋር ቆሞ ሲቀልድ አይቻለሁና በዚህ እቀናበታለሁ።

እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ቤዝመንት ይወርዳል። በለስላሳ ብሩሽ የቆቦቹን አቧራ ያነሣል፣ ቆዳውን ቅባት ይቀባል። ከየዕቃው ሥር በወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስሙ በአማርኛ ተጽፏል፤ «ኮዳ»፣ «ጋሜላ»፣ «ካቦርት»። ከሁሉም በላይ ደግሞ በትልቁ «የዘበኛ ሞላልኝ ንብረት» ይላል።

በመጀመሪያው ወር አላስችል ሲለኝ ጠየቅሁት።

«ጋሼ ዓለም፣ ይሄ የሂትለር አይደለም እንዴ?»

«ሂትለር በር ጠብቋል?» አለኝ ብሩሹን ሳያቆም። «ይሄ የዘበኛ ዕቃ ነው።»

ይኸው ነው መልሱ። ልጁ ኤልዳና ከኮሌጅ ለእረፍት ስትመጣ ትጮህበት ነበር። «አባ፣ ላይክ፣ ሰው ቢያይ ምን ይላል? ፕሊስ አውርደው!» ትለዋለች። «ሰው ቢያይማ አባቴን ነው የሚያየው» ይላታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በሆዴ እስቅበት ነበር። ታሪኩን እስኪነግረኝ ድረስ ነው እንጂ።

ጋሼ ዓለም ያደገው ደሴ ነው። አባቱ ሞላልኝ የአንድ የሚሲዮን የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። የደሴን ጉምና ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሐምሌ ላይ በር ላይ ማደር ማለት ቀልድ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አዘነላቸውና ከገበያ፣ ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴ፣ አንድ ካቦርት ገዛላቸው። ጀርመን በጦርነቱ ተሸንፎ ሠራዊቱ ሲበተን የወታደሩ ልብስ በየአገሩ ተቸረቸረ፤ በምን መንገድ እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ ደሴ ደረሰ። ቀበቶም ነበረው። በቀበቶው ዘለበት ላይ ክንፏን የዘረጋች ንስር አለች፤ ዙሪያዋን በባዕድ ፊደል ተጽፏል። ዘበኛ ሞላልኝ ንስሯን «ጭልፊቷ» ነበር የሚሏት። ጭልፊቷ በጥፍሯ የያዘችውን ጠማማ መስቀል ልብ ያላት ሰው አልነበረም፤ ቢላትም ለደሴ ሰው ያው መስቀል ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የምታስተምር አንዲት ጀርመናዊት ሲስተር ነበረች። አንድ ቀን ሞላልኝ ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቋት። ሲስተሯ ቀላች። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ይላል» አለቻቸው። ውሸት አልተናገረችም፤ እውነትም እንደዚያ ይላል።

«ታዲያ አማኑኤል ማለት አይደል እንዴ!» አሉ ሞላልኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ዘለበት በወር በወሩ፣ በሃያ ስምንት፣ በአመድ ይታሽ ጀመር። የደሴ ፀሐይ ስታርፍበት ከሩቅ ያብለጨልጭ ነበር ይላል ጋሼ ዓለም፤ ሲናገር ዓይኑም አብሮ ያበራል።

ትንሽ ልጅ ሆኖ አመሻሽ ላይ የአባቱን ራት በጋሜላ ይዞ ይሄድ ነበር። አባቱ የካቦርቱን አንድ ጎን ገለጥ አድርገው ውስጥ ያስገቡታል። ውስጡ ጢስ ጢስ፣ አባት አባት ይሸታል። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ልጁ በአንዱ የአዝራር ቀዳዳ ዓይኑን አሾልኮ መንገዱን ያያል፤ አላፊ አግዳሚው «ሞላልኝ፣ እንዴት አመሸህ?» ይላል፤ ከውስጥ ልጁ «ይመስገን!» ብሎ ይመልሳል፤ ሰውየው ይደነግጣል፤ አባትና ልጅ ይንፈቀፈቃሉ። ይሄንን ጨዋታ ስንት መቶ ጊዜ እንደነገረኝ አልቆጠርኩም። በነገረኝ ቁጥር ግን ስድሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰውዬ ሰባት ዓመት ሲሆን በዓይኔ አይ ነበር፤ እኔም ያላየሁት ሰውዬ ይናፍቀኝ ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ሳንባ ይዟቸው ሞቱ። ተቀበሩ። ሠልስቱ ወጣ። በማግስቱ ልጁ በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፍ አባቱ በር ላይ ቆመዋል። ያው ካቦርት፣ ያው ቀበቶ። ሮጠ። ደርሶ ቀና ሲል ፊቱ የሌላ ሰው ነው። ካቦርቱ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለነበር ለአዲሱ ዘበኛ ተሰጥቷል።

«ምን ፈለግህ፣ ማሙሽ?» አለው አዲሱ ዘበኛ።

«ምንም» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ በር የሚያልፈውን መንገድ ትቶ በገደል በኩል ይዞር እንደነበር ነግሮኛል። ጋሼ ዓለም ይሄን ሲያወራ ድምፁ አይሰበርም፤ የሚሰበረው የእኔ ነው።

አሜሪካ መጥቶ፣ ኤልዳና ስድስት ዓመቷ እያለ፣ ብስክሌት ሊገዛላት ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ፍሊ ማርኬት፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሄደ። ከአንድ ጢማም ነጋዴ ጠረጴዛ ኋላ ልክ ያን የመሰለ ካቦርት ተሰቅሎ አየ። ብስክሌቱ ቀረ። ኤልዳና እያለቀሰች፣ እሱም እያለቀሰ ቤት ገቡ፤ ገበያነሽ መኪና የገጫቸው መስሏት ነበር። ነጋዴውም የዋዛ አይደለም፤ ስልኩን ተቀብሎ ቀበቶ ሲያገኝ ይደውላል፣ ኮዳ ሲያገኝ ይደውላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግድግዳው ሞላ።

«አባትህ የብረት ቆብ ያደርጉ ነበር?» አልኩት አንድ ቀን ላበሽቀው።

«አያደርጉም» አለ። ትንሽ አሰበና «ቢያገኙ ግን ያደርጉ ነበር» አለኝ።

አሁን ስለ ሚስስ ሩት ልንገራችሁ። ከጋሼ ዓለም ፓርኪንግ አጠገብ አንዲት ጠባብ የልብስ ማስተካከያ ቤት አለች። ባለቤቷ ሚስስ ሩት ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቷት ሳምንት ሁለት ቀን ራሷ እየነዳች መጥታ ትሰፋ ነበር። ጋሼ ዓለም ከጎጆው አጠገብ ያለችውን ቦታ በብርቱካናማ ኮን ዘግቶ ይጠብቅላታል፤ አሮጊቷ ብዙ እንዳትራመድ ነው። እሷ ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ብብቱ የተተረተረ ጃኬቱን ቀምታ ሰፍታ መለሰችለት። ለዜግነት ሲያመለክት «ጨዋ ሰው ነው» የሚል ደብዳቤ የጻፈችለት እሷ ናት። ከየት ነሽ ሲላት «ከፖላንድ» አለችው፤ ከየት ነህ ስትለው «ከደሴ» አላት፤ ከዚያ በላይ አልተጠያየቁም። የአሥራ ሰባት ዓመት ወዳጅነታቸው በደህና አደርሽና በክር ላይ የቆመ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ እህቴ የእሁድ ምሳ ደገሰች። ጋሼ ዓለም ሚስስ ሩትን ጠራት። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ሲቁነጠነጥ ሰነበተ። ምክንያቱን የነገረኝ ጠዋት ላይ ነው። የካቦርቱ አንገትጌ ላይ ብል የበላው ቀዳዳ አለ። ዓመት ሙሉ ያየዋል፣ ለማንም ግን አይሰጥም።

«ከእሷ እጅ በቀር የማንም መርፌ አይነካውም» አለኝ። «ዛሬ አባቴን አስተዋውቃታለሁ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ፖላንድ በዚያ ጦርነት ምን እንዳየች ከእሱ የተሻለ አንብቤአለሁ። ግን ዕድሜዋን አላሰላሁም፤ ሰላጣ እያጠብኩ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሚስስ ሩት መጣች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ የብርቱካን ኬክ ጋግራ። ምሳ በላች፣ ሳቀች፣ ከገበያነሽ ጋር በምልክት አወራች። ከዚያ ጋሼ ዓለም ክንዷን ያዘና ወደ ቤዝመንት ወሰዳት። እኔ ደረጃው ያንሸራትታታል ብዬ ከኋላ ተከተልኩ። መብራቱ በደንብ ሳይበራ ካቦርቱ ዘንድ ደረሱ። እጇ ቀደማት፤ ልብስ ሰፊ አይደለች፣ እጅጌውን በሁለት ጣቷ ጨበጥ አድርጋ ፈተገችው።

«ጥሩ ሱፍ ነው» አለች።

መብራቱ ቦግ አለ። ሚስስ ሩት ቀና አለች። ዘለበቱን አየች፣ ጭልፊቷን አየች፣ ቆቦቹን አየች። እጇን ከእጅጌው ላይ ስታነሳ ምድጃ የነካች ይመስል ነበር። ጋሼ ዓለም ልብ አላለም፤ ደስታው ዓይኑን ጋርዶታል።

«ይሄ የአባቴ ነው» አላት በዚያ ደፋር እንግሊዝኛው። «አባቴ ጋርድ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ጋርድ!»

«ጋርድ?» አለች።

«የስ! ቬሪ ጉድ ጋርድ!» ደረቱን መታ። «ኖባዲ ኢስኬፕ!»

ሌባ አያመልጠውም ማለቱ ነው። ዘበኛን የሚያመሰግን የአገራችን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ሌባውን ግን በአማርኛ ውጦ አስቀረው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ እኔ «ቆይ!» ለማለት አፌን ስከፍት ነገሩ ገደል ገብቷል።

ሚስስ ሩት አልጮኸችም። ዞራ ደረጃውን ወጣች። ቦርሳዋን አነሣች። የመኪናዋን ቁልፍ መሰካት ሲያቅታት እኔ ተቀብያት ነዳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተናገረችው።

«ስምንት ዓመቴ ነበር። ጀርመኖች ሰው የሚያጉሩበት ካምፕ በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ እንደዚያ ያለ ካቦርት ነበረው። አባቴን በዚያ በር ሲያስገቡት አይቻለሁ። ሲወጣ አላየሁም።»

«ሚስስ ሩት፣ የእሱ አባት እኮ...»

«እባክሽ ንጂ» አለችኝ። ነዳሁ።

ስመለስ እንግዳው ተበትኗል። ጋሼ ዓለም ቤዝመንት ደረጃ ላይ ተቀምጧል። «አመማት እንዴ?» አለኝ። አልዋሸሁትም፤ ጋርድ ማለት ለእሷ ምን እንደሆነ፣ ካቦርቱ ምን እንደሆነ፣ «ኖባዲ ኢስኬፕ» ሲላት ምን እንደሰማች አንድ በአንድ ነገርኩት። ገበያነሽ ከላይ «ጣለው ስልህ! ስንት ጊዜ ጣለው ስልህ!» ትላለች፤ እሷም እያለቀሰች ነው። እሱ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«በዚህ ዓለም ላይ አሁን አንድ ሰው አለ» አለኝ በመጨረሻ፣ «አባቴን እንደዚያ ያለ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግሁት።»

ስለ ራሱ ሀፍረት አንድ ቃል አልተናገረም። ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

ጡረታው ከሰኞ ነበር፤ እሱ ግን ማክሰኞም ሐሙስም ፓርኪንጉ ሄዶ ከኮኑ አጠገብ ይቆማል። መኪናዋ አልመጣችም። ስልክ አታነሣም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳው አውርዶ ስድስት ካርቶን ውስጥ ከተተው። «ልሽጠው?» ሲል ኤልዳና በስልክ «ኖ! ያቺን ወፍ የሚወድ ሰው እኮ ነው የሚገዛህ!» አለችው። ይሄን ከዚያ በፊት አስቦት አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ፤ ያን ጢማም ነጋዴ ያሰበው ይመስለኛል። ካርቶኖቹን ጋራዥ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለገበያነሽ ሰጣት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

«ለማን?»

«ለሚስስ ሩት ነዋ። የበደልኩት እሷን አይደል?»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሳቄን አፍኜ አሜሪካ ውስጥ ሽማግሌ ቢላክ ፖሊስ ይጠራል እንጂ እርቅ አይወርድም ብዬ ተከራከርኩ። ምንም አልሰማኝም። ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሆቴል ሻትል የሚነዱትን የቸርቻችንን አባት አቶ ተስፋጽዮንን ለመነ፤ አገር ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፣ ሰው ሲያስታርቁ ነው የኖሩት። ሁለተኛው የፓርኪንግ ጓደኛው ፊልጶስ ነው። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወንዶቹ ሱፍ ለብሰው፣ አቶ ተስፋጽዮን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሯን አንኳኳን። ሚስስ ሩት ሰንሰለቱን ሳትፈታ አየችን።

«ስለ ጌታ ልትነግሩኝ ከሆነ እኔ አይሁዳዊት ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከኋላ ደግሞ ጋሼ ዓለም አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሰንሰለቱ ተፈታ።

«ከመጣችሁ ተቀመጡ» አለች፤ ለወጉ ያህል ነው፣ ፊቷ አልተፈታም።

ማንም አልተቀመጠም። አቶ ተስፋጽዮን በእግራቸው እንደቆሙ ጀመሩ። ከአዳም ጀመሩ። ቃየልና አቤልን፣ ዮሴፍንና ወንድሞቹን አልፈው፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እያሉ ሩብ ሰዓት ተናገሩ። ተራዬ ሲደርስ እኔ «በጣም አዝነናል ይላሉ» አልኩ።

«ይሄን ሁሉ ተናግረው?» አለች ሚስስ ሩት። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ጉልበት አየች። «ለምንድን ነው የማይቀመጡት?»

«በእኛ ወግ» አልኳት፣ «ሽማግሌ የተበደለው ሰው ታርቄአለሁ እስኪል አይቀመጥም። በዳዩም በር ሥር ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሽማግሌ ነው የሚናገርለት።»

«አልታረቅም ብልስ?»

ለአቶ ተስፋጽዮን ተረጎምኩላቸው። «ነገ እንመለሳለን በያት» አሉ። «ከነገ ወዲያም።»

ሚስስ ሩት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኖ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን አልፋ በቀጥታ ጋሼ ዓለምን አየችው።

«ሰው አባቱን ሲያስብ ፎቶውን ይሰቅላል» አለችው። «አንተ ለምን ያንን ሰቀልክ?»

ጋሼ ዓለም አቶ ተስፋጽዮንን በዓይኑ አስፈቀደ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ጊዜ በእንግሊዝኛ አልሞከረም፤ በአማርኛ ተናገረ፣ እኔ ቃል በቃል አደረስኩላት።

«ፎቶ የለውም። አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። የማይጠፋብኝ ልብሱ ነው።»

ሚስስ ሩት መነጽሯን አወለቀች። ጠረገችው። መልሳ አላደረገችውም።

«እኔ ዘንድም የአባቴ ፎቶ የለም» አለች። ከዚያ «አባትህ ምን ነበር የሚጠብቀው?» ብላ ጠየቀችው።

«ልጆች» አለ ጋሼ ዓለም። «መቶ ሃያ ሴቶች ልጆች፣ ትምህርት ቤት የሚያድሩ።»

«ከምን?»

«ከጅብና ከጎረምሳ።»

ይሄን ስተረጉም ፊልጶስ ሳቁ አመለጠው፤ የሚስስ ሩትም ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ። ጣቷን አንሥታ በሩን አሳየችው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «በሩ ላይ ሲቆም ፊቱ ወዴት ነበር?»

ጥያቄው ለእኔ ወዲያው አልገባኝም። ተረጎምኩት። ለጋሼ ዓለም ግን ገባው። ዞሮ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆመ፤ ትከሻውን ሰበሰበ፤ እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደሚከት ወደ ጎኑ አስጠጋ። ጀርባውን ለእኛ፣ ፊቱን ወደ ውጭ ሰጠ። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ጉም ውስጥ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው፣ መንገዱን ማየት ጀመረ። እኔ ሦስት ዓመት አጠገባቸው ያደርኩትን፣ አንድም ቀን ግን ያላየኋቸውን ሰው ያን ጊዜ አየኋቸው። አጭር ነበሩ። ያ ካቦርት ይሰፋቸው ነበር።

«ወደ ውጭ» አልኩ፣ ማንም ተርጉሚ ሳይለኝ።

«አየሁት» አለች ሚስስ ሩት። «የዚያኛው ፊት ወደ ውስጥ ነበር።»

ረጅም ጊዜ ጀርባውን አየችው። ከዚያ «ያንን ካቦርት አልሰፋውም» አለች። «እሱ ባለበት ቤትም አልገባም።» ካርቶን ውስጥ እንደገባ ነገርኳት። እንዲህ ያለ ዕቃ ለትምህርት የሚያስቀምጡ ሰዎችን እንደምታውቅ፣ አድራሻቸውን እንደምትሰጠን ነገረችኝ፤ እኔም በኋላ ከገበያነሽ ጋር ካርቶኖቹን ወስደን አስረከብናቸው። ያን ዕለት ግን ስለ ዕቃው ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም።

ሚስስ ሩት በትሯን ተደግፋ ተነሣች። ከጓዳ ሁለት ወንበር አንድ በአንድ ጎትታ አመጣች፤ ፊልጶስ ሊያግዛት ሲል በእጇ ከለከለችው። አቶ ተስፋጽዮንን በክንዳቸው ይዛ «ተቀመጡ» አለቻቸው፤ አሁን ምን ማለት እንደሆነ አውቃው ነው። እሳቸው ግን ሳይቀመጡ እኔን አዩኝ።

«ከልብ ነው ወይ በያት።»

ጠየቅኋት። ወደ በሩ እየሄደች ነበር። ጋሼ ዓለም አሁንም ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱን ያያል፤ እያለቀሰ ስለሆነ መዞር አቅቶታል። አሮጊቷ ከኋላው ደርሳ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

«ዓለም» አለችው። «ይበቃል። ዞር በልና ተቀመጥ።»